የቡድን ፎቶ ላይ ሁሉም ፊት ጥርት እንዲል፦ ፎከስና አፐርቸር እንዴት ይመረጣል?

አንድ ሰው ስታነሱ ፎከስ የሚያስፈልገው ለሁለት ዓይን ነው። አሥር ሰው ስታነሱ ሃያ ዓይን አለ፤ ሃያውም ከካሜራው እኩል አይርቅም። ከፊት የተቀመጡት ጥርት ብለው ከኋላ የቆሙት ብዥ የሚሉት ለዚህ ነው። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው በኮምፒውተር ተከፍቶ ዙም ሲደረግ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰዉ ተበትኗል።

ብዙ ጀማሪዎች መፍትሔውን አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ላይ ብቻ ይፈልጋሉ። «የሰዉን ቁጥር አይና አፐርቸሩን እሱ ላይ አድርግ» የሚል ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። አራት ሰው ከሆነ ኤፍ 4፣ ስምንት ከሆነ ኤፍ 8። ለማስታወስ ይቀላል እንጂ ልክ አይደለም። ካሜራ ሰው አይቆጥርም፤ እሱ የሚያውቀው ርቀትን ነው።

ሁለት ቡድኖችን እናወዳድር። አሥራ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በአንድ መስመር ቆመዋል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁሉንም ለማስገባት 8 ሜትር ያህል መራቅ አለባችሁ። እዚያ ርቀት ላይ በኤፍ 4 ጥርት የሚለው ቦታ በርካታ ሜትር ነው። በሌላ በኩል ሦስት ጓደኛሞች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጠጋግተው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2.5 ሜትር ላይ ይነሳሉ። ኤፍ 2.8 ላይ ጥርት የሚለው 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ትንሽ ወደኋላ ካለ አለቀለት። አስቸጋሪው ፎቶ የሦስቱ ነው።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሰዎቹ አቋቋም፣ ቀጥሎ ርቀት፣ ከዚያ ፎከስ፣ ከዚያ አፐርቸር፣ በመጨረሻ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት የጊዜ ርዝመት) እና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት)። አፐርቸርን አራተኛ ያደረግኩት በምክንያት ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ሦስቱ በደንብ ከተሠሩ ለአፐርቸር የሚተርፈው ሥራ ትንሽ ነው።

በቅድሚያ፦ ፎከስ ምን ይይዛል?

ካሜራው ፎከስ ሲያደርግ የሚይዘው አንድ ነጥብ ይመስለናል። በእርግጥ የሚይዘው አንድ ሰፊ ገጽ ነው። ከሌንሱ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ የመስኮት መስታወት አስቡ። መስታወቱ ከሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ምስሉን ከሚቀበለው ገጽ፣ ጋር ትይዩ ነው። 3 ሜትር ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ መስታወቱ 3 ሜትር ላይ ቆሟል ማለት ነው። መስታወቱን የነካ ፊት ሁሉ፣ መሃልም ይሁን ጠርዝ፣ ጥርት ይላል። ከመስታወቱ ወደፊት ወይም ወደኋላ የራቀ ፊት ደግሞ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

መደብዘዙን ዓይናችን ሳያስተውል የሚያልፍበት ቀጠና አለ። ፎቶ አንሺዎች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት እሱን ነው። አፐርቸር የሚያሰፋውና የሚያጠበው ይህንን ቀጠና ነው። የኤፍ ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ የፎካል ርዝመት (ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር) ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2 ላይ የ25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፤ ኤፍ 8 ላይ ደግሞ የ6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፣ ቀጠናው ይሰፋል፣ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል።

በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ)፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፎከስ 3 ሜትር ላይ፦

- ኤፍ 1.8፦ ከ2.82 እስከ 3.20 ሜትር፣ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ኤፍ 2.8፦ ከ2.73 እስከ 3.33 ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ኤፍ 4፦ ከ2.63 እስከ 3.50 ሜትር፣ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ
- ኤፍ 5.6፦ ከ2.50 እስከ 3.74 ሜትር፣ 1.24 ሜትር ገደማ
- ኤፍ 8፦ ከ2.34 እስከ 4.18 ሜትር፣ 1.85 ሜትር ገደማ

እነዚህ ቁጥሮች፣ በስልክ አፕሊኬሽኖች ላይ እንደምታገኟቸው ሁሉ፣ የተሰሉት ፎቶው በመካከለኛ መጠን ታትሞ በተለመደው ርቀት ይታያል ተብሎ ነው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ የሚታተም ከሆነ ወይም ሰዉ ዙም እያደረገ የራሱን ፊት የሚፈልግ ከሆነ ቀጠናው ከተባለው ይጠባል። የቡድን ፎቶ ደርሶት የራሱን ፊት ዙም የማያደርግ ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ስሌቱ ኤፍ 4 ይበቃል ካላችሁ ኤፍ 5.6 ተጠቀሙ። አንድ እርከን (ብርሃኑን በግማሽ የሚቀንስ ለውጥ) ሁልጊዜ በመጠባበቂያ ይያዝ።

ደረጃ 1፦ ፊቶቹን ወደ አንድ ገጽ ሰብስቡ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ አለው። ብርሃን አያስከፍልም፣ አዲስ ሌንስ አይጠይቅም። ዓላማው አንድ ነው፦ ፊቶቹ በተቻለ መጠን መስታወቱን እንዲነኩ ማድረግ። ልብ በሉ፣ ፊቶቹ ነው ያልኩት። እግር የትም ሊሆን ይችላል። የኋላ ረድፍ ጫማ በትንሹ ቢደበዝዝ ማንም አይታዘብም።

አንድ ረድፍ ከሆነ በቀጥታ መስመር አቁሟቸው። ብዙ ጊዜ «ሁሉም ከካሜራው እኩል ይራቅ» ተብሎ ሰው በግማሽ ክብ ይቆማል። ሐሳቡ ትክክል ይመስላል። መስታወቱ ግን ጠፍጣፋ ነው። ከካሜራው 4 ሜትር ርቀው በቅስት ከቆሙት ሰዎች መካከል ከመሃሉ 25 ዲግሪ ወደ ጎን ያለውን ሰው ብንወስድ፣ እሱ ከመስታወቱ 37 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ወጥቷል። በሰፊ አፐርቸር ይህ ፊቱን ለማደብዘዝ ይበቃል። ለመልክ ሲባል ትንሽ ጎበጥ ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን አያስፈልግም።

ሁለት ረድፍ ሲሆን በወንበር የተቀመጠና ከኋላው የቆመ ሰው ፊት ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይራራቃል። ይህን ለማጥበብ ሁለት ነገር ጠይቁ። የተቀመጡት ጀርባቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ያድርጉ። የቆሙት ወንበሩን ተጠግተው ከወገባቸው ትንሽ ወደፊት ዘንበል ይበሉ። ብቻ «ጠጋ በሉ» አትበሉ፤ ሰው ጠጋ ሲባል ወደ ጎን ነው የሚጠጋው። «የኋላ ረድፍ፣ አገጫችሁን ወደ እኔ አምጡ» ብትሉ ፊቱ ራሱ ይመጣል። እግረ መንገዱንም የአንገት እጥፋት ይጠፋል።

ከዚያ የካሜራውን ከፍታ አስቡበት። ትንሽ መሰላል ወይም ጠንካራ ወንበር ላይ ወጥታችሁ ካሜራውን ወደታች ስታዘነብሉ መስታወቱም አብሮ ያዘነብላል። የታችኛው ጫፉ ወደ እናንተ ይመጣል፣ የላይኛው ወደኋላ ይሄዳል። ቡድኑም ልክ እንደዚያው ነው የተደረደረው፦ የፊቱ ረድፍ ዝቅ ብሏል፣ የኋላው ከፍ ብሏል። በሁለቱ ረድፎች ፊቶች መካከል ወደኋላ 80፣ ወደላይ 45 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ እንበል። ካሜራው ቀጥ ብሎ ሲያይ ልዩነቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 ዲግሪ ወደታች ሲያዘነብል 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ምንም ብርሃን ሳታጡ 20 ሴንቲ ሜትር አተረፋችሁ። ሰዉ ቀና ብሎ ስለሚያይም ፊቱ ብርሃን ያገኛል፣ ከኋላ ያለውም በፊተኛው ጭንቅላት አይጋረድም።

በመጨረሻ፣ ካሜራው ከረድፉ ጋር ትይዩ መሆኑን አረጋግጡ። ከመሃል ሰው ፊት ለፊት ቁሙ። ወደ ጎን አንድ ሁለት እርምጃ ከሄዳችሁና ካሜራውን ካዞራችሁ መስታወቱም ዞሯል፤ የአንዱ ጫፍ ሰዎች ከፊቱ፣ የሌላው ጫፍ ከኋላው ይቀራሉ።

ደረጃ 2፦ ራቅ በሉ

ቀጠናውን ለማስፋት ከአፐርቸር የበለጠ ጉልበት ያለው ርቀት ነው። የኤፍ ቁጥሩን እጥፍ ስታደርጉ ቀጠናው እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉ ግን ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል።

ቅድም ባየነው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 4 ላይ ከ3 ሜትር 87 ሴንቲ ሜትር ነበር ያገኘነው። ወደ 5 ሜትር ብትርቁ 2.5 ሜትር ይሆናል። እርግጥ ሰዎቹ በፎቶው ውስጥ ያንሳሉ። ቆይታችሁ ክሮፕ ስታደርጉት ብዥታውም አብሮ ይጎላልና ትርፉ በከፊል ይመለሳል። ያም ሆኖ ክሮፕ ተደርጎ ወደ 1.45 ሜትር ይቀራችኋል፤ ከ87 ሴንቲ ሜትር ይሻላል። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ እንዲህ ሲቆረጥ ወደ 8.6 ሜጋፒክስል ይወርዳል። ይህ ለኤ4 ህትመት በቂ ነው።

ራቅ ማለት ሌላም ጥቅም አለው። በቅርብ ስታነሱ የፊተኛው ረድፍ ጭንቅላት ገዝፎ የኋላው ያንሳል። ስትርቁ መጠናቸው ይቀራረባል።

ሰፊ ሌንስ ቦታ ሲጠብ ያድናል፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ከ28 ሚሊ ሜትር በታች ጠርዝ ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ጎን ይለጠጣሉ። ጭንቅላታቸው እንቁላል ይመስላል፣ ክንዳቸው ይወፍራል። አማራጭ ካጣችሁ ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ተዉና በኋላ ቁረጡት። በፉል ፍሬም ከ35 እስከ 85 ሚሊ ሜትር ያለው ለቡድን ይመቻል። ቦታ ካለ 50ን ወይም 85ን እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ ፎከስ የት ይረፍ?

መጀመሪያ ምርጫውን ከካሜራው ውሰዱ። ካሜራው በራሱ ነጥብ እንዲመርጥ ከተተወ አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለውን ነገር ይይዛል። ያ ደግሞ የፊተኛው ሰው ጉልበት ወይም የያዘችው አበባ ሊሆን ይችላል። አንድ ነጥብ ብቻ የሚጠቀመውን የፎከስ አማራጭ ክፈቱና ነጥቡን ራሳችሁ አንቀሳቅሱ። ሰዉ ቆሞ የሚነሳ ከሆነ አንዴ ይዞ የሚቆልፈውን ሁነታ ምረጡ፦ ካነን ላይ ዋን ሾት፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ይባላል። ተከታታዩ ሁነታ፣ ሰርቮ ወይም ኤኤፍ-ሲ፣ ለሚራመድ ወይም ለሚዘል ቡድን ነው።

የዓይን አውቶፎከስ ለአንድ ሰው ድንቅ ነው። ለቡድን ግን አንድ ፊት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የትኛውን እንደያዘ ካላያችሁ የመሃሉን ትታችሁ የጠርዙን ልትይዙ ትችላላችሁ። የምትፈልጉትን ፊት ስክሪኑን በመንካት ወይም በፎከስ ነጥቡ ምረጡለት።

አሁን፣ ማንን?

አንድ ረድፍ ከሆነ መሃል አካባቢ ያለን ሰው ዓይን ያዙ። መነጽር ወይም ፊቱ ላይ የወደቀ ፀጉር የሌለው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ፎከሱ በሁለት ሰዎች መካከል ሾልኮ የኋላ ግድግዳ ላይ እንዳያርፍ ግን ተጠንቀቁ። መሃል ላይ ያለው ሰው ሳይሆን ክፍተት ከሆነ በቀላሉ ይሾልካል።

ሁለት ረድፍ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይረቃል። የፊተኛው ረድፍ 3 ሜትር ላይ፣ የኋላው 3.7 ሜትር ላይ ነው እንበል። ለሁለቱም እኩል የሚያደላው ነጥብ 3.31 ሜትር ነው፤ ከመሃላቸው ትንሽ ወደ ካሜራው ያጋደለ። እዚያ ቦታ ላይ ፊት የለም። ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ የፊተኛውን ረድፍ መያዝና ወደ ኤፍ 8 መሄድ ነው፤ ቀጠናው እስከ 4.18 ሜትር ስለሚደርስ የኋላው በምቾት ይገባል። በኤፍ 5.6 ግን 3.74 ላይ ስለሚያበቃ የኋላው ረድፍ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ብርሃን ከበቃ ይህንን ቀላሉን መንገድ እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የፊተኛው ረድፍ ፊት በፎቶው ውስጥ ትልቅ ነው፣ ጉድለቱም ቶሎ ይታያል።

ብርሃን ካነሰ ሁለተኛውን መንገድ ሞክሩ። አንድ ረዳት በሁለቱ ረድፎች መካከል፣ ወደ ፊተኛው ጠጋ ብሎ፣ ጠርዝ ላይ ይቁም። እሱ ላይ ፎከስ አድርጉና ቆልፉት፤ ረዳቱ ይውጣ። ካሜራችሁ ከኋላ በኩል የፎከስ ቁልፍ ካለው ፎከስን ከሹተሩ ለይታችሁ ለእሱ ብትሰጡት እዚህ ላይ ያግዛችኋል፤ ወይም ፎከስ ካደረጋችሁ በኋላ ሌንሱን ወደ ማንዋል አዙሩት። በዚህ መንገድ ኤፍ 5.6 ላይ ከ2.72 እስከ 4.24 ሜትር ያለው ሁሉ ይገባል። የአንድ እርከን ብርሃን አተረፋችሁ። ከቆለፋችሁ በኋላ ግን እናንተም ሆናችሁ ሰዎቹ ወደፊትም ወደኋላም ማለት የለም።

ሦስት ረድፍ ሲሆን የመሃለኛው ረድፍ ላይ ፎከስ አድርጉ። ረድፎቹ 5፣ 5.7 እና 6.4 ሜትር ላይ ቢሆኑ ምርጡ ነጥብ 5.6 ሜትር አካባቢ ነው፤ የመሃለኛው ረድፍ አፍንጫ ላይ ማለት ይቻላል። ከሦስት በላይ ሲሆን ከመሃሉ ትንሽ ወደፊት ያለውን ረድፍ ያዙ።

«ከፎከሱ አንድ ሦስተኛው ከፊት፣ ሁለት ሦስተኛው ከኋላ ጥርት ይላል» የሚለውን ደንብ ብዙዎች ያውቁታል። ከላይ ያለውን ዝርዝር ተመልሳችሁ እዩት። ኤፍ 8 ላይ ከፊት 66፣ ከኋላ 118 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደንቡ ይሠራል። ኤፍ 2.8 ላይ ግን ከፊት 27፣ ከኋላ 33 ነው፤ ግማሽ በግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በቅርብና በሰፊ አፐርቸር ስታነሱ ደንቡን አትመኑት።

አንድ ነገር ልጨምር። በመሃል ነጥብ ፎከስ ይዞ ካሜራውን አዙሮ ማንሳት የቆየ ልማድ ነው። 3 ሜትር ላይ ያለ ፊት ይዛችሁ ካሜራውን 20 ዲግሪ ብታዞሩ መስታወቱ ከዚያ ፊት 18 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ ይሄዳል። ኤፍ 2.8 ላይ ያለችው 27 ሴንቲ ሜትር አብዛኛዋ አለቀች ማለት ነው። ስለዚህ ካሜራውን ከማዞር የፎከስ ነጥቡን ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ አፐርቸር

ሞዱን ኤ ላይ አድርጉ፤ ካነን ላይ ኤቪ ይባላል። አፐርቸሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ሹተሩን ካሜራው ይጨርሰዋል። ለመነሻ፦

- አንድ ቀጥተኛ ረድፍ፦ ኤፍ 4፤ ከ3 ሜትር በታች ከቀረባችሁ ኤፍ 5.6
- ሁለት ረድፍ፦ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8
- ሦስትና ከዚያ በላይ፦ ኤፍ 8
- ቦታ ጠቦ መራቅ ካልተቻለና ረድፉ ጥልቅ ከሆነ፦ ኤፍ 11

እነዚህ ለፉል ፍሬም ናቸው። ከፉል ፍሬም ያነሰ ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ባለው ካሜራ ያንኑ ቡድን በዚያው ፍሬም ስታነሱ ቀጠናው አንድ እርከን ገደማ ይሰፋል፤ የእሱ ኤፍ 5.6 የፉል ፍሬም ኤፍ 8 ያህል ነው። ከዚያም ባነሰው የማይክሮ ፎር ሰርድስ ሴንሰር ሁለት እርከን ነው፤ ኤፍ 4 ይበቃችኋል።

«ለምን ዝም ብዬ ኤፍ 22 አላደርግም?» የሚል ይኖራል። ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ በጠርዙ ሲያልፍ ይበተናል፤ ዲፍራክሽን ይባላል። ያኔ ሁሉም ፊት እኩል ይለሰልሳል። በፉል ፍሬም ከኤፍ 11 በኋላ ጀምሮ እየታየ ይመጣል፣ በኤፒኤስ-ሲ ደግሞ ቀደም ብሎ ከኤፍ 8 በኋላ። አብዛኛው ሌንስ ምርጥ ጥራቱን የሚሰጠው ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 8 አካባቢ ስለሆነ ለቡድን ፎቶ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ከበስተኋላ ያለው እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ደግሞ አፐርቸሩን አትክፈቱ። ቡድኑን ከግድግዳው ወይም ከዛፉ አርቁት። ከኋላቸው አሥር ሜትር ክፍት ቦታ ካለ ኤፍ 5.6 ላይም ይለሰልሳል።

ደረጃ 5፦ ሹተርና አይኤስኦ

ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 8 መሄድ ሦስት እርከን ነው። የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። አንድ ነገር መክፈል አለበት።

ሹተሩ እንዲከፍል አታድርጉ። ለአዋቂዎች ከ1/125 ሰከንድ አትውረዱ፤ 1/200 ይሻላል። ልጆች ካሉ 1/320 ወይም 1/500። ትራይፖድ የእናንተን እጅ ያረጋጋል እንጂ የልጁን ጭንቅላት አይዝም። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያም እንዲሁ።

የሚከፍለው አይኤስኦ ይሁን። 400 የነበረው 3200 ይድረስ። በጨለመ ክፍል ብዙ ሰው አይኤስኦ ፈርቶ አፐርቸሩን ይከፍታል፤ እኔ ይህን አልስማማበትም። አይኤስኦ ሲጨምር የሚመጣውን ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ) ዛሬ ያሉ ሶፍትዌሮች በደንብ ያጸዱታል። ከፎከስ የወጣ ዓይን ግን አይመለስም። ካሜራችሁ አውቶ አይኤስኦ ላይ ዝቅተኛ የሹተር ፍጥነት መወሰን የሚያስችል ከሆነ 1/200 ብላችሁ ሙሉትና ሐሳባችሁን ሰዉ ላይ አድርጉ።

ፍላሽ ካላችሁ ከቡድኑ አርቁት። ፍላሹ ከፊተኛው ረድፍ 2 ሜትር፣ ከኋላው 4 ሜትር ከራቀ የኋላው የሚያገኘው ብርሃን አንድ አራተኛ ብቻ ነው። ፎከሱ ልክ ቢሆንም ጨለማው ብዥ ያለ ያስመስለዋል።

በስልክ ስታነሱ

የስልክ ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ ቀጠናው ሰፊ ነው፤ አፐርቸሩም አብዛኞቹ ላይ አይቀየርም። ፖርትሬት ሞድን ግን ዝጉት። ብዥታውን የሚሠራው በስሌት ስለሆነ የኋላ ረድፍ ሰዎችን ከዳራው ቆጥሮ ሊያደበዝዛቸው ይችላል። በ0.5 ሰፊ ሌንስ ፋንታ 1 ወይም 2 ላይ አድርጋችሁ ራቅ በሉ። መሃል ያለውን ፊት ተጭናችሁ ያዙና ፎከሱ ሲቆለፍ አንሱ።

ደረጃ 6፦ ስንት ፎቶ?

ፎከሱ ሁሉ ልክ ሆኖ አንድ ሰው ዓይኑን ቢጨፍን ያው ነው። በአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲሳይሮ ይሠሩ የነበሩት ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ ማንም ያልጨፈነበት ፎቶ ለማግኘት ስንት ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው በ2006 የኢግ ኖቤል (መጀመሪያ የሚያስቁ፣ ከዚያ የሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሸለሙበት) የሒሳብ ሽልማት አግኝተዋል። ቡድኑ ከ20 ሰው ካነሰ፣ ብርሃን ጥሩ ከሆነ የሰዉን ቁጥር ለሦስት አካፍሉ፤ ብርሃን ደካማ ከሆነ ለሁለት። አሥራ ሁለት ሰው በጥሩ ብርሃን አራት ፎቶ፣ በደካማ ብርሃን ስድስት ማለት ነው። እኔ በዚያ ላይ ጥቂት እጨምራለሁ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነ ፎቶዎቹ ይገጣጠማሉና የጨፈነውን ፊት ከሌላው ወስዶ መተካት ይቀላል።

ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ግን «አንዴ ቆዩኝ» በሉና ስክሪኑ ላይ ሙሉ ዙም አድርጉ። የመሃሉን ሰው አትዩ፤ እሱ ደህና ነው። የኋላ ረድፍ ግራና ቀኝ ጫፍ፣ ከዚያ የፊት ረድፍ ግራና ቀኝ ጫፍ እዩ። የዓይን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ከተለየ ቀጥሉ። ሽፋሽፍቱ አንድ ጥቁር መስመር ከሆነ ሰዉ ሳይበተን አስተካክሉ።

ፎቶው ችግሩን ይናገራል

ዙም አድርጋችሁ ብዥታ ካያችሁ የት እንዳለ ተመልከቱ።

የፊተኛው ረድፍ ጥርት ብሎ የኋላው ከደበዘዘ ፎከሱ ቀርቧል ወይም ቀጠናው ጠቧል። መጀመሪያ የኋላውን ረድፍ ወደፊት አዘንብሉ፤ ካልበቃ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ አፐርቸሩን አንድ እርከን አጥብቡ።

ሁሉም ደብዝዞ ግድግዳው ጥርት ካለ ፎከሱ በሰዎች መካከል ሾልኳል። ነጥቡን አንድ ፊት ላይ አምጡና እንደገና ያዙ።

ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ከደበዘዘ ካሜራው ከረድፉ ጋር ትይዩ አይደለም። ወደ መሃል ተመልሳችሁ ቁሙ። በትክክል ቆማችሁም ሁልጊዜ ያው ጎን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ውስጥ ያለ መስታወት ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ስለሚችል ለባለሙያ አሳዩት።

ግድግዳውም ሰዉም በአንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጃችሁ ተንቀሳቅሷል። ግድግዳው ጥርት ብሎ አንድ ሰው ብቻ ከተጎተተ ደግሞ እሱ ነው የተንቀሳቀሰው። ሁለቱም ላይ አፐርቸሩን አትንኩ። አይኤስኦውን እጥፍ አድርጉና ሹተሩን ከ1/125 ወደ 1/250 አሳድጉት።